ገመዱን የጎተተው ማን ነው?

ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም የማትርቀው ጋፋት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች መንደር ነበረች። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚሲዮን ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ከእነሱም ጋር እንደ ሞሪትዝ ሆል ያሉ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሠሪ ሆኑ። መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ ሲሞክሩ ሲከሽፍ፣ ሲከሽፍ ሲሞክሩ ቆይተው በ1859 ዓ.ም. ትልቁን አወጡት። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ፣ ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደው ሴባስቶፖል ነው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ይዘው ወጡ። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በወድላና በደላንታ አድርገው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ሥር የደረሱት በመጋቢት ነው። መንገድ ባልነበረበት አገር ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየሳበ ስድስት ወር ሄዱ። ንጉሡም ከሰዉ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ይህን ታሪክ ይዞ የሚነሣ የፊልም አዘጋጅ ሥራው ግማሹ አልቆለታል፤ ተራራው አለ፣ ንጉሡ አሉ፣ መድፉ አለ፣ የመጨረሻው ጥይት አለ። የሚቀረው ካሜራውን የት እንደሚያቆም መወሰን ነው። ከንጉሡ ፊት? ከነጮቹ የእጅ ባለሙያዎች ጎን? ወይስ ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ ካልተጻፈው፣ ጠፍሩ ትከሻውን ከላጠው ሰው አጠገብ? «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ የለጠፈ ፊልም ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። የታማኝነቱም ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሚዛን ነው የምንመዝነው። ጥልፉ የዘመኑ አይደለም፣ ጠመንጃው ያን ጊዜ አልነበረም፣ የበቅሎው መጣብር ተሳስቷል እንላለን። እነዚህ ስሕተቶች ቢታረሙ ይበጃል፤ ነገር ግን ልብሱን አስተካክሎ ታሪኩን የሚያዛባ ፊልም አለ፣ ልብሱን አሳስቶ ታሪኩን የሚጠብቅም አለ። ፊልም ሠሪ በታሪክ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ በሦስት ብንከፍለው ነገሩ ይጠራል። አንደኛው ማሳጠር ነው፤ የስድስት ወር መንገድ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሁለተኛው መሙላት ነው፤ ማንም ያልመዘገበውን ንግግር፣ ማንም ያላየውን ሌሊት ጸሐፊው ከልቡ አፍልቆ ያስገባል። ሦስተኛው ማዛወር ነው፤ የአንዱ ሥራ ለሌላው ይሰጣል፣ የአንዱ ጥፋት በሌላው ላይ ይለጠፋል፣ ነገሩን ያመጣው ምክንያት ተነሥቶ ሌላ ምክንያት ይተካል። የመጀመሪያው ግድ ነው፤ ሁለተኛው በልክ ከሆነ የተፈቀደ ነው፤ ሦስተኛው ግን ታሪክን ከባለቤቱ መንጠቅ ነው።

ማሳጠርና መሙላት በራሳቸው ኃጢአት አለመሆናቸውን «አትሌቱ» የተባለው ፊልም ያሳያል። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ይህ ፊልም የአበበ ቢቂላን ሕይወት ይተርካል። አበበ በ1953 ዓ.ም. ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ደገመው። ራሴላስ አበበን ሆኖ ሲተውን፣ ፊልሙ የአበበን የራሱን የሩጫ ምስል ከድሮ ክሮች አውጥቶ ከትወናው ጋር ያያይዘዋል። አበበ መኪና ውስጥ ብቻውን ሆኖ ምን እንዳሰበ የሚያውቅ የለም፤ ያ ተሞልቷል። ነገር ግን የሮጠው አበበ ነው፣ ያሸነፈው አበበ ነው፣ አደጋ ደርሶበት ከወንበር ላይ ሆኖ ውድድር ያልተወውም አበበ ነው። የተጨመረው ሐሳብ የተፈጸመውን ድርጊት ከቦታው አላነቃነቀውም።

ማዛወር ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» መመልከት ይበቃል። መነሻው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ የቱሪስት ማረፊያ ከፍቶ በእሱ ሽፋን ቤተ እስራኤላውያንን ያወጣ ነበር። ፊልሙ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ሲሆን ዋናው ጀግና በክሪስ ኢቫንስ የተተወነ የውጭ ሰላይ ነው። ከበደ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ መነሻው ፈረደ አክሉም እንደሆነ ይታወቃል። ፈረደ ግን ለሰላዮቹ ረዳት ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ ሱዳን ገብቶ መንገዱን ከከፈቱትና ወገኖቹን ከጠሩት አንዱ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው ሌሊት እየሄዱ፣ ቀን እየተደበቁ፣ ሽፍታና ጥም እየገደላቸው በእግራቸው ድንበር የተሻገሩት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይታመናል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጀልባና አውሮፕላን የታሪኩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አልነበረም። ፊልሙ መጨረሻውን መጀመሪያ ሲያደርገው፣ የሄዱት ሰዎች የሚጫኑ ዕቃ ሆኑ።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው «አርጎ» ቴህራን ውስጥ የተደበቁ አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች ስለወጡበት መንገድ ይተርካል። ነገሩ በተፈጸመበት ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ፊልሙን ካዩ በኋላ ከሐሳቡና ከአፈጻጸሙ 90 በመቶው የካናዳውያን እንደነበር ተናግረዋል፤ ፊልሙ ግን ክብሩን ለአሜሪካው ሰላይ ሰጠው። በአውሮፕላን ማረፊያው የሚታየው የመጨረሻ ማሳደድም አልነበረም። ልዩነቱ ካናዳ የሚሰማ ድምፅ ያላት አገር መሆኗ ነው። ሱዳን በረሃ ላይ ልጇን ቀብራ ያለፈች እናት ግን ጋዜጣዊ መግለጫ የምትሰጥበት መድረክ የላትም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ባለቤቱ ሲጮኽስ? ለዚህ «ድፍረት» ከሁሉ የሚያስተምር ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ ነው፤ በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ተከሰሰች፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች መዓዛ አሸናፊ ጉዳይዋን ያዙ፣ ልጅቷም ራስን በመከላከል ነጻ ወጣች። በመዋቅሩ ፊልሙ ታማኝ ነው፤ የባህሉን ክብደት፣ የፖሊሱን ግዴለሽነት፣ የሕጉን ጉድለት ያሳያል። የዚያን ጊዜው ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሆኖም በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ባለታሪኳ ሕይወቷ ያለ ፈቃዷ ለፊልም መዋሉን ተቃውማ ነበር። ፊልሙ በኋላ ታየ፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ ስትጠራ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች። ስም መለወጡ እሷን ለመጠበቅ የታሰበ ነው ሊባል ይችላል፤ ምክንያቱም አሳማኝ ነው። ግን ጥበቃ የሚሆነው የሚጠበቀው ሰው ሲጠየቅ ነው። ካልተጠየቀ፣ ድርጊቱ በትክክል ቢተረክም ታሪኩ ከእጁ ወጥቷል።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ፤ ሙታን እግድ አያወጡምና በእነሱ ታሪክ ላይ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል። ቴዎድሮስን በሕዝብ ልብ ውስጥ የተከሉት መድረክና መጽሐፍ ናቸው፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»። እነዚህ ሥራዎች ለንጉሡ ሰው የመሆን ጥልቀት ሰጥተዋቸዋል፤ ራእያቸውን፣ ብቸኝነታቸውን፣ ቁጣቸውን እንድንረዳ አድርገዋል። ፊታቸውን ሳይቀር የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። ንጉሡን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር የፎቶግራፍ ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ የደረሱት ግን ከንጉሡ ሞት ጋር ነው። በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ የለም፤ ያ ሹሩባና ያ ዐይን የሠዓሊና የተዋናይ ሥራ ነው። ይህ መሙላት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ከእሱ ጋር ተያይዞ የመጣው ሌላ ልማድ ነው፤ ታሪኩን ከመቅደላ ጀምሮ በመቅደላ መጨረስ።

ከመቅደላ የሚጀምር ፊልም ቴዎድሮስን የጣለው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ነው ይላል። ይህ ምክንያትን ማዛወር ነው። ናፒየር 13,000 የሚሆን ወታደርና ዝሆኖች ይዞ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ግዛታቸው ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከመቅደላ ብዙም አያልፍም ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ በደጃዝማች ካሳ እጅ ነበሩ፤ ካሳም የእንግሊዙን ጦር መንገድ ሰጥተው አሳለፉ። ከሁሉ በላይ ግን የበጌምድር ገበሬ ከድቶ ነበር። የንጉሡ ሠራዊት የሚኖረው ከገበሬው ጎተራ ነው፤ ግዛቱ በጠበበ ቁጥር ሸክሙ በቀረው አገር ላይ ከበደ፣ ሸክሙ በከበደ ቁጥር ሸፋቹ በዛ፣ ሸፋቹ በበዛ ቁጥር ዘመቻውና ቅጣቱ ከፋ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ደብረ ታቦር ከበስተኋላ እየነደደች ሴባስቶፖል ሲጓዝ፣ ያ ጉዞ የድል ጉዞ ብቻ ሳይሆን አገር ያለቀበት ንጉሥ ስደት ነበር። ጠፍሩን የያዘው ሰውና ጎተራው የተራቆተው ገበሬ ከፊልሙ ከወጡ፣ የቴዎድሮስ ውድቀት ምክንያቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕጣ ፈንታ ይሆናል፤ ከዚያም ከውድቀቱ የምንማረው ነገር አይኖርም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ፊልም ኪነ ጥበብ ነው፣ የታሪክ መማሪያ አይደለም፣ እውነቱን የፈለገ መጽሐፍ ያንብብ የሚል። ግማሹ ልክ ነው። ልብ ወለድ ነኝ ብሎ የመጣን ፊልም በማስረጃ መክሰስ ተገቢ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በጣና አካባቢ ባለች መንደርና በአዲስ አበባ መካከል የአብዮቱን ዘመን ሲያሳይ ገጸ ባሕርያቱ የተፈጠሩ ናቸው፤ አንበርብር የተባለ ሐኪም ነበር ብሎ የተከራከረን የለም። ዘመኑን ግን በታማኝነት ተሸክሟል። ነገር ግን «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ከእውነቱ እምነት ተበድሯል፤ ተመልካቹ እንባውን የሚሰጠው ነገሩ ሆኗል ብሎ ነው። የተበደረ ይከፍላል። ተመልካቹ ፊልም መሆኑን ያውቃል የሚለውም አያስኬድም፤ ከመጽሐፍ ያነበቡት ሲረሳ ያዩት ምስል ይቀራል፣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ከሁለቱ የትኛውን እንዳነበበ፣ የትኛውን እንዳየ የሚለይ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል። ምስክሮቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ ታዲያ ፊልም ሠሪው ለየትኛው ይታመን? የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሡን ያወድሳል፣ ክፉዎቹን የመጨረሻ ዓመታት ግን አይደርስባቸውም። የአለቃ ወልደ ማርያም ጽሑፍ ይወቅሳል። ሆርሙዝድ ራሳምና ዶክተር ብላንክ የጻፉት በንጉሡ እስር የቆዩ ሰዎች ሆነው ነው፤ ዋልድማየር ደግሞ የንጉሡን ሽልማትም ቁጣም የቀመሰ ሰው ነው። እውነት ነው፣ አንዱን ብቻ የያዘ ፊልም የአንዱን ቂም ወይም ፍቅር ይወርሳል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ የሚጣሉት በንጉሡ ልብ ውስጥ ስለነበረው ነው፤ እብደት ነው ወይስ ሐዘን፣ ራእይ ነው ወይስ ትዕቢት። ጎንደር መቃጠሏን፣ መድፉ በሰው ጉልበት መጓዙን፣ አገሩ አስቀድሞ መክዳቱን በተመለከተ የሚያጣላ ነገር የለም። ደንቡም ከዚሁ ይወጣል፤ ምስክሮች በሚጣሉበት ቦታ ፊልም ሠሪው ነጻ ነው፣ በሚስማሙበት ቦታ ግን አይደለም። የንጉሡን ልብ እንዳሻው ይሣል፤ የተቃጠለውን ከተማ ግን አልተቃጠለም ማለት አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከፍቅር የሚነሣ ነው። ሕዝብ ጀግና ያስፈልገዋል፣ ጉድለቱን ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው ይላሉ። ግን ቴዎድሮስን ታላቅ የሚያደርጋቸው ከስሕተት መጽዳታቸው ነው እንዴ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ ባለው የአሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ከመቶዎች ጋር ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ነው። ይህን ሚዛን ደብቆ እኩል የተፋለሙ አስመስሎ የሚያሳይ ፊልም የወደቁትን አላከበረም፤ ምን ይዘው ምን እንደገጠሙ ደብቆባቸዋል። ከውጊያው በፊት ባለው ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ከገደል መወርወራቸውን የሚዘል ፊልምም፣ በፋሲካ ማግስት በገዛ ሽጉጣቸው የሞቱትን ሰው ጸጸት አያሳየንም። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩላቸው ስጦታ እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ያለ ነገር ከእውነቱ ላይ እየተገኘ ከልብ ወለድ መበደር ለምን ያስፈልጋል?

ጀግናን ከነጉድለቱ ማሳየት ይቻላልም። ጂሎ ፖንቴኮርቮ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው «የአልጀርስ ጦርነት» ለዚህ ምስክር ነው። አልጄሪያውያን ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ነገሩ በተፈጸመባቸው ሰፈሮች ተቀርጾ፣ የነጻነት ታጋዮቹ የተከሉት ቦምብ የገደላቸውን ሰዎች ፊት ሳይሸሽግ አሳየ። የዜና ፊልም እስኪመስል ድረስ እውነተኛ ነበርና ሲታይ አንድም የዜና ምስል እንደሌለበት ማሳወቅ አስፈለገ። የነጻነቱ ክብር ግን አልቀነሰም። የደቡብ ጎንደር ደጋ እንዲህ ላለ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ጋፋት አለች፣ ጨጨሆ አለ፣ መንገዱ የወጣበት ገደል አለ። ያን መንገድ እንግሊዛዊው ክሌመንትስ ማርክሃም በአድናቆት ጽፎለታል። የሚያሳዝነው፣ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ላይ ማለፉ ነው። የበጌምድር ሰው ላብ ጠላትን አሳለፈ፤ ይህን የሚያህል ትዕይንት የትኛውም ጸሐፊ አይፈጥርም።

ስለዚህ ተመልካች ከፊልም ሲወጣ አንድ ጥያቄ ይያዝ፤ ሥራውን የሠራው ሰው በታሪኩ ውስጥ ቦታው ላይ አለ? ፊልም ሠሪም በመጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ጽፎ የፈጠረውን ከሆነው ይለይ፤ ባለታሪኩ በሕይወት ካለ ደግሞ አስቀድሞ ደጁን ይጥና። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ ስለሚታወቅ ማንንም አያሳስትም፤ እንዲያውም ሺህ ሰው ስለ ዋናው እንዲጠይቅ ያደርጋል። ዋናው ዛሬም ሰዎቹ ጎትተው ባደረሱት ቦታ፣ መቅደላ አምባ ላይ ነው።